የሞቱ ከዋክብትን ቅሪት በትንሽ ቴሌስኮፕ መፈለግና ማየት

ፕላኔታዊ ኔቡላ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የለውም። ስሙን ያተረፈለት ዊሊያም ኸርሼል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1781 ዩራነስን ካገኘ በኋላ ሰማዩን ሲያስስ፣ እንደ ዩራነስ ክብና ፈዛዛ ሆነው የታዩትን ደመናዎች በዚያው ስም ጠራቸው። በእርግጥ የምናየው ከፀሐያችን ጋር ከሚመጣጠነው ጀምሮ እስከ ስምንት እጥፍ ክብደት ያለው ኮከብ በዕድሜው መጨረሻ የጣለውን ውጫዊ ገላ ነው። ነዳጁ ሲያልቅበት ኮከቡ ያብጣል፣ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ እርቃኑን የቀረው እምብርት ከ30,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ስለሆነ የሚረጨው አልትራቫዮሌት ጨረር የተጣለውን ጋዝ ያበራዋል። ጋዙ በየሰከንዱ 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየሸሸ ስለሚሄድ ጥቂት አሥር ሺህ ዓመታት ብቻ ቆይቶ ይበተናል። እምብርቱ ደግሞ መሬትን የሚያህል ነጭ ድንክ ኮከብ ሆኖ ይቀዘቅዛል። ከዚህ የከበዱት ከዋክብት በሱፐርኖቫ ፈንድተው ያልቃሉ፤ የእነሱ ቅሪት መልኩም አፈላለጉም ስለሚለይ ለብቻው እንመጣበታለን።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከ130 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ላለው ሰው ነው። የቦታ ስሌቱ በአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁሉም ነገር የሚያርፍበት አንድ አረንጓዴ መስመር

ነሐሴ 29 ቀን 1864 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዊሊያም ሀጊንስ የድመት ዓይን የሚባለውን ኔቡላ ብርሃን በፕሪዝም ሲበትነው እንደ ኮከብ ቀስተ ደመና አላገኘም። ያገኘው ጥቂት ነጠላ መስመሮችን ነበር። ነገሩ የከዋክብት ጥርቅም ሳይሆን ጋዝ መሆኑ ያን ምሽት ታወቀ። ከመስመሮቹ የደመቁት ሁለቱ አረንጓዴዎች በምድር ላይ ከሚታወቅ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ስላሉ "ኔቡሊየም" የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር እስከ መገመት ተደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካዊው አይራ ቦወን እንቆቅልሹን ፈታው፦ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ ተራ ኦክስጅን ነው። ጋዙ እጅግ የሳሳ ስለሆነ አቶሞቹ ሳይጋጩ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፣ በምድር አየር ውስጥ ፈጽሞ የማይለቁትንም ብርሃን ይለቃሉ።

የመስመሮቹ ሞገድ 500.7 እና 495.9 ናኖ ሜትር ነው። በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሴሎች ብርሃን አጥብቀው የሚቀበሉት ደግሞ በ500 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ኔቡላው ብርሃኑን የሚያከማችበት ቀለምና በጨለማ የሰለጠነ ዓይን የሚናፍቀው ቀለም አንድ ቦታ መገጣጠማቸው ትልቅ ዕድል ነው። ስለዚህ ጋላክሲ በማይታይበት የከተማ ሰማይ ፕላኔታዊ ኔቡላ ይታያል፤ ያንን ጠባብ አረንጓዴ አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ ማጣሪያም ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጣ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተሻለ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ፎቶ ላይ የለመዱትን ቀይ አይጠብቁ። ቀዩ የሃይድሮጅን ብርሃን ነው፤ ሞገዱ 656.3 ናኖ ሜትር ስለሆነ በጨለማ የሚያየው የዓይናችን ክፍል ለእሱ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ትናንሾቹና ደማቆቹ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ፣ ትልልቆቹ አመድማ ግራጫ።

ዕቃው

ምርጥ መነሻ የሚሆነው 200 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1,200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ባለ መስታወት ዶብሶኒያን፣ ማለትም በእጅ በሚዞር ቀላል መቀመጫ ላይ የሚያርፍ ቴሌስኮፕ፣ ነው። 150 ሚሊ ሜትር ከሆነም ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ብዙዎቹን ያሳያል። ሦስት የዓይን ሌንሶች ይበቃሉ፦ 25፣ 10 እና 6 ሚሊ ሜትር። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት ለዓይን ሌንሱ ሲያካፍሉት የሚገኘው የማጉላት መጠን ነው፤ በ1,200 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ 48፣ 120 እና 200 እጥፍ ይሆናሉ ማለት ነው። 25 ሚሊ ሜትሩ ከ1 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ሰማይ ያሳያል፤ ይኸውም ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን የሚይዝ ነው። ይህን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየተሻገሩ ሲፈልጉ መለኪያዎ እሱ ነው።

ማጣሪያው "ኦ-ሦስት" ይባላል። ለዓይን የሚሆነው ከ10 እስከ 12 ናኖ ሜትር ስፋት የሚያሳልፈው ነው፤ በ1.25 ኢንች የዓይን ሌንስ ግርጌ ላይ ይጠመዘዛል። ለካሜራ የተሠሩትን የ3 ናኖ ሜትር ማጣሪያዎች ለዓይን አይግዙ፦ ከዋክብቱ ስለሚጠፉ ማተኮር ያስቸግራል፣ በአጭር ቴሌስኮፕ ላይም ብርሃኑ አግድም ስለሚገባ ማጣሪያው ከመስመሩ ይንሸራተታል። ቴሌስኮፑ 130 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰፋ ያለ ባንድ ያለው "ዩኤችሲ" የሚባለው ዓይነት ይሻላል፣ ምስሉን ያን ያህል አያጨልመውም። በድሮ ጊዜ መንገድ ላይ የነበረው ቢጫ የሶዲየም መብራት ብርሃኑ ጥቂት ቀለሞች ላይ ብቻ ስለነበር ማጣሪያ በደንብ ያግደው ነበር። የዛሬው ነጭ ኤልኢዲ ሁሉንም ቀለም ስለሚረጭ ከፊሉ በአረንጓዴው መስኮት ማለፉ አይቀርም። ማጣሪያ ያግዛል እንጂ ጨለማን አይተካም።

ከፍታም ጨለማን አይተካም። በእንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘው የምርምር ማዕከል ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ቢቀመጥም የአዲስ አበባ መብራት ከእግሩ ሥር ነው። ለትናንሾቹ ኔቡላዎች የቤትዎ ጣሪያ ይበቃል። ለትልልቆቹ ግን ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ጭስ ተዘርግቶ የሚታይበት ቦታ ያስፈልጋል።

ማጉያውን ከመንካትዎ በፊት፦ የትኛው ዓይነት ነው?

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካታሎግ የሚሰጠው የድምቀት ቁጥር፣ ማግኒቲዩድ የሚባለው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል። ነገር ግን ያ ቁጥር የጠቅላላው ብርሃን ድምር ነው፤ በምን ያህል ሰማይ ላይ እንደተበተነ አይናገርም። ሄሊክስ ኔቡላ 7.5 አካባቢ ነው፣ የቀለበት ኔቡላ 8.8። ቁጥሩን ያየ ሰው ሄሊክስ ይቀላል ይላል። ሄሊክስ ግን የጨረቃን ግማሽ ያህል ስፋት ስላለው ብርሃኑ ከቀለበቱ ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ የሰማይ ስፋት ላይ ተዘርግቷል። በ200 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ቀለበቱን በአንድ ደቂቃ ያገኘ ሰው ሄሊክስ ላይ ግማሽ ሰዓት አፍጥጦ ባዶ ሰማይ ያያል።

ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድመው ስፋቱን ያንብቡ። የዲግሪ አንድ ስልሳኛ አንድ ደቂቃ ነው፣ የደቂቃ አንድ ስልሳኛ አንድ ሰከንድ። ስፋቱ ከ1 ደቂቃ በታች ከሆነ ብርሃኑ የተጠቀጠቀ ነው፦ ማጉላት ይወዳል፣ 150 እና 200 እጥፍ አይበዛበትም፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ማጣሪያ ያምራል። ከ5 ደቂቃ በላይ ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ዝቅተኛ ማጉያ፣ ኦ-ሦስት ማጣሪያ፣ ጨለማ ቦታ፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት። ማጣሪያ ሲገጥሙ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን ለማወቅ የዓይን ሌንሱን ርዝመት ለቴሌስኮፑ የኤፍ ቁጥር፣ ማለትም የትኩረት ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል ለሚገኘው፣ ያካፍሉ፤ 25 ለ6 ሲካፈል 4.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፍጹም ተስማሚ። 6 ሚሊ ሜትሩ 1 ብቻ ስለሚሰጥ በማጣሪያ ሁሉም ነገር ይጨልማል።

በጣም የሚያንሱት ሌላ ችግር አላቸው፤ በ48 እጥፍ ከኮከብ አይለዩም። መለያው ቀላል ነው። ማጣሪያውን ሳይጠመዝዙ በጠርዙ ይዘው በዓይንዎና በዓይን ሌንሱ መካከል ያስገቡት፣ ያውጡት፣ መልሰው ያስገቡት። ከዋክብቱ በሙሉ ሲደበዝዙ አንዷ ነጥብ ብቻ ሳትነቃነቅ ከቀረች ኔቡላዋ እሷ ናት። በከዋክብት በተጨናነቀ ሰማይ ላይ ይህ ዘዴ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

ዓይንን ማሰልጠን

ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ የስልክ መብራት ያን ሁሉ በቅጽበት ይሰርዘዋል። ቀይና የደበዘዘ ባትሪ ብቻ ይጠቀሙ። በስልክ ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ የሚከፍት ሰው የሌሊት ቀይ ገጽታውን አብርቶ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርግ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካርታውን ቀን አትሞ መምጣት ነው።

ደብዛዛውን ነገር በቀጥታ አይዩት። የዓይናችን መሃል ለጨለማ ደካማ ነው፣ ከመሃሉ ራቅ ያለው ክፍል ነው የሚያየው። አቅጣጫም አለው፦ ነገሩ በአፍንጫዎ በኩል እንዲውል ያድርጉ። በቀኝ ዓይን የሚያይ ሰው ከኔቡላው ትንሽ ወደ ቀኝ ይመልከት፣ በግራ የሚያይ ወደ ግራ። በተቃራኒው ካደረጉት ምስሉ ዓይን ምንም የማያይበት ዕውር ነጥብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዓይን እንቅስቃሴንም ቶሎ ይይዛል፤ የቴሌስኮፑን ጎን በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ሲያንኳኩ የማይታየው ደመና ብቅ ሲል ያገኙታል።

ወራቱ

ክረምት ለእኛ አስቸጋሪ ነው። በሰሜን የሚኖሩ ተመልካቾች የቀለበት ኔቡላን የሚያዩባቸው ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ደመና ናቸው። ዋሽንግተን ወይም እስራኤል ያለ አንባቢ በእነዚህ ወራት ቀለበቱን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከአናቱ ብዙም ሳይርቅ ያገኘዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ግን ጥቅምትን ይጠብቅ። በጥቅምት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቀለበቱ ወደ ምዕራብ ገና ያዘነበለ ነው፣ ዳምቤሉ አናት አጠገብ ነው፣ የሳተርን ኔቡላና የመጋረጃው ቅሪት መሃል ሰማይ እየደረሱ ነው፣ ሄሊክስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይከተላል። በአንድ ምሽት አምስቱንም ማዳረስ ይቻላል፤ ከዓመቱ እንዲህ ያለ ሌላ ወር የለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት የሚችል ሰው ቀለበቱን ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

ኬክሮሳችን ሌላ ስጦታ አለው፤ ሁለቱንም የሰማይ ንፍቀ ክበቦች እናያለን። ማንኛውም ነገር ከአድማስ እስከ ስንት እንደሚወጣ ለማወቅ የሰማይ ኬክሮሱን፣ ካርታ ላይ ዴክሊኔሽን የሚባለውን፣ ከ9 ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ከ90 ይቀንሱ። ከ30 ዲግሪ በታች የሚቀር ከሆነ አየሩ ያደበዝዘዋል።

አንድ በአንድ

የቀለበት ኔቡላ፣ ኤም 57 (ኤም እና ኤንጂሲ የሰማይ ካታሎግ ስሞች ናቸው)። ላይራ የምትባለው ኅብረ ኮከብ ስሟ የክራር ዘመድ የሆነው የግሪኮች መሣሪያ ነው። ደማቋን ቬጋ ያግኙ፣ ከእሷ በታች ያሉትን ሼሊያክና ሱላፋት ይለዩ። ሁለቱ 2 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ቀለበቱ በመካከላቸው፣ ለሼሊያክ ትንሽ ቀረብ ብሎ ነው። በ48 እጥፍ ትኩረት ያልተስተካከለለት ኮከብ ይመስላል። በ120 መሃሉ ክፍት መሆኑ ይገለጣል፣ በ200 ደግሞ ሞላላነቱና የሁለቱ ጫፎች መሳሳት። ስፋቱ 1.4 በ1 ደቂቃ ነው። የመሃሉን ነጭ ድንክ አይፈልጉ፤ ማግኒቲዩዱ 16 ስለሚጠጋ በ200 ሚሊ ሜትር አይታይም። ሞተር በሌለው ቴሌስኮፕ በ200 እጥፍ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ቆይቶ ከዕይታ ስለሚወጣ ሁልጊዜ በምሥራቁ ጠርዝ ያስቀምጡትና እጅዎን አንስተው ሲያልፍ ይዩት።

ዳምቤል፣ ኤም 27። ቻርልስ ሜሲዬ ሐምሌ 12 ቀን 1764 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሲሆን ከፕላኔታዊ ኔቡላዎች የመጀመሪያው ግኝት ነው። ሳጂታ የምትባለውን ትንሽ ቀስት ይፈልጉና ከጫፏ ኮከብ ከጋማ 3 ዲግሪ ከሩብ ያህል በቀጥታ ወደ ሰሜን ይሂዱ፤ ሦስት የዕይታ ክብ ያህል ነው። 8 በ6 ደቂቃ ይሰፋል፣ በባይኖኩላርም ይታያል። ያለ ማጣሪያ ተበልቶ የቀረ የፖም እምብርት ይመስላል። በ25 ሚሊ ሜትሩ ላይ ኦ-ሦስት ሲገጥሙ ጎድጎድ ያሉት ጎኖች በስስ ብርሃን ይሞላሉ፣ ቅርጹም ሞላላ ይሆናል። ማጣሪያ ምን እንደሚሠራ ለማያምን ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

የሳተርን ኔቡላ፣ ኤንጂሲ 7009። በደለዊ፣ ካርታ ላይ አኳሪየስ በሚባለው ውስጥ ነው። ኑ አኳሪ የምትባለውን ኮከብ መሃል ላይ አድርገው 1.3 ዲግሪ በትክክል ወደ ምዕራብ ይግፉ። እጅግ ደማቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጣሪያም ቀለሙ ይለያል። በጎኖቹ የወጡት ቀጫጭን ጆሮዎች፣ ስሙን ያሰጡት፣ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ከ200 እጥፍ በላይና የረጋ አየር ይፈልጋሉ።

ሄሊክስ፣ ኤንጂሲ 7293። ከእኛ 650 የብርሃን ዓመት ብቻ የሚርቅ ቅርብ ነው። ከኡፕሲሎን አኳሪ 1.2 ዲግሪ ወደ ምዕራብ። በ25 ሚሊ ሜትሩና በኦ-ሦስት፣ ከከተማ ርቀው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይሞክሩት። አንድን ነጥብ መፈለግ ይተዉ፤ ቴሌስኮፑን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ሰማዩ ትንሽ የሚነጣበትን ቦታ ይፈልጉ። ከከተማ አይሞክሩት፣ አይታይም።

ኤንጂሲ 2392። በገውዝ፣ በጀሚናይ ውስጥ ከዋሳት 2.4 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ። በጥር እኩለ ሌሊት ላይ ከፍተኛ ቦታው ይደርሳል። በዝቅተኛ ማጉያ ጥንድ ኮከብ የሚመስል ነገር ያያሉ፤ ሰሜናዊዋ እውነተኛ ኮከብ ናት፣ ደቡባዊው ኔቡላው። እዚህ ዓይን ራሱ ይፈተናል፦ የመሃሉን ኮከብ በቀጥታ ሲያዩት ዙሪያው ያለው ደመና ይጠፋል፣ ዓይንዎን ገለል ሲያደርጉ ደመናው ተመልሶ ኮከቡን ይውጠዋል። የመሃል ኮከቡ 10.5 ስለሆነ የሞተን ኮከብ እምብርት በትንሽ ቴሌስኮፕ በዓይን ለማየት ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው።

የጁፒተር መንፈስ፣ ኤንጂሲ 3242። ከሙ ሃይድራ 1.8 ዲግሪ ወደ ደቡብ። በየካቲት መጨረሻ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ በመጋቢት አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ መሃል ሰማይ ነው፤ የበልግ ደመና ሳይቀድምዎት የካቲትን ይጠቀሙ። ጁፒተርን የሚያህል ሰማያዊ አረንጓዴ ክብ ነው፤ ቀለም አይቼ አላውቅም ለሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ያሳዩት። በ200 እጥፍ ውስጡ ሌላ ደማቅ ሞላላ ቀለበት አለ።

በዚያው ሌሊት ወደ ደቡብ ይዙሩና ኤንጂሲ 3132ን ይፈልጉ፤ ከኪው ቬሎረም 2.2 ዲግሪ ወደ ሰሜን ምዕራብ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሐምሌ 12 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው የመጀመሪያ ምስሎች አንዱ እሱ ነበር። ከእኛ ዘንድ 40 ዲግሪ ይወጣል፤ ዋሽንግተን ላለ ሰው 11 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። መሃሉ ላይ የምትታየው ደማቅ ኮከብ ታሳስታለች። ኔቡላውን የጣለው ከእሷ አጠገብ ያለው በጣም ደብዛዛ ጓደኛዋ ነው።

የፈነዱት

ክራብ፣ ኤም 1። እ.ኤ.አ. በ1054 ቻይናውያን በቀን ሳይቀር የታየ "እንግዳ ኮከብ" መዘገቡ፤ የዚያ ፍንዳታ ፍርስራሽ ነው። በሠውር ቀንድ ጫፍ ላይ ካለችው ዜታ ታውሪ ከ1 ዲግሪ ጥቂት በላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከአናት 13 ዲግሪ ብቻ ይርቃል። ኦ-ሦስት አጥልቀው ፈልገው ሲያጡት ግራ አይጋቡ። ከክራብ ብርሃን አብዛኛው ከጋዝ መስመር የሚወጣ አይደለም፤ በማግኔት ኃይል የሚሽከረከሩ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የሚለቁት በሁሉም ቀለም የተዘረጋ ብርሃን ነው። ማጣሪያው ያንን ቆርጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ማጣሪያ ያውልቁ፣ ከ80 እስከ 120 እጥፍ ይጠቀሙ፣ 6 በ4 ደቂቃ የሚሰፋ ቅርጽ የለሽ ጉም ይጠብቁ። ያንን ብርሃን የሚመግበው በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል የሚዞር ኒውትሮን ኮከብ ከመሃሉ አለ።

የመጋረጃው ኔቡላ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ10,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የፍንዳታ ቅሪት ሲሆን የድንጋጤው ሞገድ ከጠፈር ጋዝ ጋር ሲጋጭ ኦክስጅኑን ያበራዋል፤ ያለ ኦ-ሦስት የማይታየው በኦ-ሦስት ወደ ተፈተለ ክር ይለወጣል። ሙሉው 3 ዲግሪ ስለሚሰፋ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚታየው። ከኤፕሲሎን ሲግኒ 3 ዲግሪ ከሩብ ወደ ደቡብ ሲወርዱ 52 ሲግኒ የምትባል ኮከብ ያገኛሉ፣ ምዕራባዊው ክር በእሷ ላይ ያልፋል። የኮከቧ ብርሃን ስለሚያስቸግር ከዕይታው ጠርዝ ውጭ ያድርጓት። ከዚያ 2.5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ያለው ምሥራቃዊው ቅስት የበለጠ ደማቅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከዚህኛው ይጀምር።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

አቅጣጫ መሳት። ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ምስሉን ይገለብጣል፣ ባለ ሌንሱ ከመስታወት ማጠፊያ ጋር ግራና ቀኝ ያቀያይራል። አይገምቱ፤ ቴሌስኮፑን ይልቀቁትና ከዋክብቱ ከዕይታ የሚወጡበትን ጎን ይዩ፣ ምዕራብ እሱ ነው።

አናት ላይ መፈለግ። ዶብሶኒያን ከ75 ዲግሪ በላይ ሲቀና ወደ ጎን ለማዞር አይታዘዝም፣ ትንሽ ለመንቀሳቀስ ሰፊ ዙር ይጠይቃል። ኤም 27 እና ክራብ በእኛ ኬክሮስ እዚያው ክልል ያልፋሉ፤ ከፍተኛ ቦታቸው ከመድረሳቸው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ወይም በኋላ ይያዟቸው።

በሰሜን ኮከብ የሚስተካከል ማቆሚያ ላይ ያለው ችግር ይብሳል። የዋልታው ዘንግ በ9 ዲግሪ መተኛት አለበት፣ ብዙ ማቆሚያዎች ግን እስከዚያ ዝቅ እንዲሉ አልተሠሩም፤ የሚመጥነው ክብደትም የሦስት እግሩን ቅልጥም ይመታል። የሰሜን ኮከብ ራሷ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቤትና ኮረብታ ይጋርዳታል። ከመግዛትዎ በፊት ዝቅተኛውን የኬክሮስ ቁጥር ይጠይቁ።

የሚፈላ ምስል። ደጋ ላይ ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ ይገባል፣ የ200 ሚሊ ሜትር መስታወት ግን ሙቀቱን ለመልቀቅ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ በ200 እጥፍ የሚያዩት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፑን ከመጨለሙ በፊት ያውጡት። ደመቅ ያለ ኮከብ መሃል ላይ አድርገው ትኩረቱን ትንሽ ያዛቡ፤ ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እኩል ካልተቀመጡ መስታወቶቹ አልተናበቡም፣ በመኪና ተጉዞ ከመጣ ደግሞ ሁልጊዜ ይዛባል።

ጤዛ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋ ላይ ውርጭም ጤዛም አለ። ጥቁር ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ጠቅልለው ከቱቦው አፍ የቱቦውን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያርዝሙት። ጤዛ ያረፈበትን ሌንስ በጨርቅ አይጥረጉ፣ ይቧጭረዋል፤ ሞቅ ባለ አየር ያድርቁት። ያልተጠቀሙበትን የዓይን ሌንስ ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ። ባለ ሦስት እግሩ በነፋስ ከተወዛወዘ ውኃ የሞላ ጀሪካን ከመሃሉ ያንጠልጥሉ።

በካሜራ

ተራ ባለ ሌንስ ካሜራ በውስጡ ያለው ማገጃ የ656.3 ናኖ ሜትሩን ቀይ አብዛኛውን ስለሚያስቀር ዳምቤልን በሰማያዊ አረንጓዴ ያነሳል፣ ሄሊክስን ግን ያሳንሰዋል። ሲስታር ኤስ50ን የመሳሰሉ ራሳቸውን የሚመሩ ትንንሽ ቴሌስኮፖች ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን ለይቶ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ስላላቸው ከከተማም ይሠራሉ። ስፋቱ 50፣ የትኩረት ርዝመቱ 250 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ የምስል ነጥብ 2.4 ሰከንድ ትይዛለች። በዚህ ስሌት ቀለበቱ 35 ነጥብ ብቻ ይሰፋል፣ ዝርዝር አይጠብቁበት። ዳምቤል 200 ነጥብ ይሆናል፣ ሄሊክስ 400፤ ለእነዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አናት አካባቢ ሰማዩ ፈጥኖ ስለሚሽከረከርበት የምስሉ ማዕዘኖች ይበላሻሉ፣ ስለዚህ 60 ዲግሪ ላይ የሚያልፈው ሄሊክስ ለእኛ ከሁሉ የተመቸ ነው። የ10 ሰከንድ ፎቶዎችን ለአንድ ሰዓት ይደራርቡለት፤ ውጫዊው የሃይድሮጅን ጠርዝ፣ ዓይን በማንኛውም ቴሌስኮፕ የማያየው ቀይ፣ ያኔ ይወጣል።